እርጅና በዕቅድ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርድ ልብስ ያለው ሰው ብርድ ልብሱን እንደ ቅምጥ ይደብቃል። ከተማዋ በአንድ ወቅት በብርድ ልብስ ትታወቅ ነበር ይላሉ፤ አሁን የምትታወቀው በብርዱ ነው። ብርድ ዕድሜ ያቆያል ከተባለ ወዲህ የአዳማ ሀብታም ቤቱን እየሸጠ መጥቶ እዚህ ይንቀጠቀጣል። ነፋስ በቀጥታ የሚገባበት አፓርታማ ኪራዩ አይቀመስም። ፀሐይ የሚያገኘውን ወገን አቅም ያነሰው ይከራየዋል።

አቶ ያፌት የሚኖረው በነፋሱ በኩል ነው። የልደት ዕድሜው ሰባ ሦስት ሲሆን እጁ ላይ ያለው፣ የሰውነቱን ዕድሜ የሚለካው አምባር ሠላሳ ስድስት ይላል። ሰው ሲተዋወቅ የሚናገረው የአምባሩን ነው፤ የልደቱን የሚጠይቅ ባለጌ ይባላል። ያፌት ግን የልደቱን ሳይጠየቅ ይናገራል፣ ሰውየው "አትመስልም እኮ" እንዲለው። "አትመስልም" ሳይባል የዋለበት ቀን ለያፌት የባከነ ቀን ነው። ይህን ጠባዩን ራሱም ያውቀዋል፤ ያፍርበታልም። ነገር ግን እፍረት የልብ ምት ስለሚያዛባ ቶሎ ይተወዋል።

ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ያለው ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ በረዶ የጋገረ ቀን በመዶሻ ሰብሮ። ከገንዳው ሲወጣ ከአንድ ለአምስት ቡድኑ ጋር ክብ ሠርቶ ይስቃል። ሳቅ ደም ሥር ያሰፋል ስለተባለ ለሳቅ የተመደበ ሰዓት አለ። በሳቅ ሰዓት ቀልድ መናገር ክልክል ባይሆንም አይበረታታም፤ ቀልድ የገባውና ያልገባው እኩል ስለማይስቁ የቡድኑ ውጤት ይዛባል። ከሳቅ ቀጥሎ በሶ አለ፣ ያለ ጨው፣ ቆሞ። መቀመጥ ከሲጋራ እኩል ነው ከተባለ ቆይቷል፤ ከተማው ውስጥ ወንበር የሚገኘው በስንት ፍለጋ ነው። ሰው ቆሞ ይሠራል፣ ቆሞ ይበላል፣ ዳኛውም ቆሞ ይፈርዳል፤ ፍርድ የፈጠነው ግን በዚህ ምክንያት አይደለም፤ ጭራሽ አልፈጠነም።

ከሰዓት በኋላ አምባሩ "ወዳጅ ጠይቅ" ይለዋል፤ ብቸኝነት ዕድሜ ያሳጥራላ። ያፌት የቡድን ጓዱ ሄኖክ ዘንድ ይደውላል። ሄኖክም በዚያችው ደቂቃ ታዞ እየደወለለት ስለሆነ መስመሩ ተይዟል ይላል። ሁለቱም ስልካቸውን ይዘጉና ወዳጅ የጠየቁ ያህል ደስ ይላቸዋል።

ይህ ሁሉ ደህና ይሄድ ነበር፣ የእህቱ ልጅ አባተ ላግባ ባይል ኖሮ።

አባተ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ የልደቱም፣ የአምባሩም። ስሙ አይግረማችሁ፤ ያፌት፣ ሄኖክ፣ ሶፎንያስ ዛሬ የአዛውንት ስም ሆኖ፣ ልጆቹ ወደ አባተና ወደ ጥሩወርቅ ተመልሰዋል። ያፌት ራሱ አልወለደም፤ ሕፃን እንቅልፍ ያጎድላል። ግን አባተ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በመኪና አደጋ ሲሞት፣ እሱን ያሳደጉት እናቱና አጎቱ ያፌት ናቸው። ያን ክረምት ሕፃኑ ሳንባ ምች ይዞት ያፌት ሳምንት ሙሉ ሳይተኛ አስታመመው። አምባሩ ሁለት ወር ጨመረበት። ያፌት በሕይወቱ የሚመካበት ጭማሪ ያ ሁለት ወር ብቻ ነው።

ችግሩ፣ በዚህ ዘመን ሰው የሚያገባው ወደ ስድሳው ሲጠጋ ነው። ምን ያስቸኩላል? አባተ ግን የሸዋ ሮቢቷን ጥሩወርቅን አሁን ነው የምፈልጋት አለ። አባቷ አቶ ሶፎንያስ ደግሞ ወግ አጥባቂ ሰው ነው፤ ሽማግሌ ይላክብኝ አለ።

ያፌት ሄኖክንና ሌላውን ጓዱን ኤልያብን ይዞ ወረደ። ሦስቱም በልደታቸው ከሰባ በላይ ናቸው። ከጣርማ በር ዋሻ ሲወጡ ሙቀቱ ተቀበላቸው፤ አምባሮቻቸው እየተንጫጩ ጥላ ፈልጉ አሏቸው።

"ተቀመጡ እንጂ" አለ ሶፎንያስ፣ በቆላው ገና ያልጠፉትን ሦስት ወንበሮች እያሳየ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አለ ሄኖክ፣ ወጉን እንዳጠናው።

የልመናው ጉልበት መቆሙ ነው። ሽበታም ሰው ደጃፍህ ቆሞ እግሩ ሲብረከረክ እያየህ ብዙ ማንገራገር አትችልም፤ አንጀትህ አይችልም። እነ ያፌት ግን ቆመው የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ቆሙ። ረፋዱ አለፈ፤ ቆሙ። ሶፎንያስ ምሳውን አስመጥቶ፣ እንብላ ብሎ፣ እንቢ ሲሉት በላ። ሄኖክ መሃል ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ ባቱን አሳሳበ። የኤልያብ አምባር ድምፁን ከፍ አድርጎ "ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥል" አለው።

በመጨረሻ ሄኖክ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ የመጣነው፣ ሳንሞት የልጃችንን ወግ ማዕረግ እንይ ብለን ነው።"

ሶፎንያስ ሳቀ። ከውስጥ ሚስቱ ሳቀች። ያፌት ለዓመታት በሰዓት ሲስቅ የኖረ ሰው ስለሆነ ልዩነቱን ወዲያው አወቀው፤ ይሄኛው ሳቅ እውነተኛ ነበር።

"ማን ነው የሚሞተው?" አለ ሶፎንያስ እንባውን እየጠረገ። "ወንድሞቼ፣ ሽማግሌ ላኩ ብል የኳስ ቡድን ላካችሁብኝ። ቆይ፣ ልጆቹ ነገ ቢጣሉ መቼ ነው የምታስታርቁት?"

"ጊዜ ሰጥተነው፣ በሰከነ መንፈስ፣ ሁለቱንም ወገን በየተራ..." ብሎ ጀመረ ኤልያብ።

"አያችሁ፣ ጊዜ ሰጥታችሁ። እኔም እኮ ጊዜ አለኝ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ብቅ በሉ፣ እናየዋለን።"

"ከዚያ በፊትስ?" አለ ያፌት።

"ከዚያ በፊት ከሆነ የሚቸኩል ሰው አምጡልኝ። ሽበት ያለው፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ነገን የማያምን ሰው። እሱ ቆሞ ከለመነኝ በዚያው ቀን እሰጣለሁ።"

አባተ ወሬውን ሲሰማ አልጮኸም። ያፌት የፈራው ጩኸት ነበር፤ የመጣው ሌላ ነገር ነው።

"ለናንተ ዐሥር ዓመት ምሳ ማወራረጃ ነው" አለ አባተ።

"ልጄ፣ ጊዜው እኮ ሳታስበው..."

"ጋሼ፣ እባክህ ጊዜ የሚባለውን ነገር አታንሳብኝ። ትጠብቀኛለች ብለህ ነው? እሺ ትጠብቅ። ዐሥር ዓመት የጠበቀችው እና ዛሬ ያለችው አንድ ሰው ናቸው?"

ያፌት ራሱ ለዐሥራ ምናምን ዓመት ያቆያት አንዲት ሴት ነበረች፤ አሁን በአምባሯ ሠላሳ አራት ናት፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ በጣም በጤና ሰላም ይባባላሉ።

ከዚያን ቀን በኋላ አባተ አጎቱ ቤት መምጣት ተወ። አምባሩ "ወዳጅ ጠይቅ" ሲለው ያፌት እየደጋገመ ደወለለት። መስመሩ አልተያዘም፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም።

በሦስተኛው ቀን ያፌት ፀሐይ ወደሚያገኘው ወገን ተሻግሮ የምትኩን በር አንኳኳ።

ምትኩ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሰማንያ ይመስላል። እርጅናን የሚያግደውን መርፌም ገንዳውንም በጉብዝናው ዘመን ትቷል። የሚኖረው በመልኩ ነው። መዋዕለ ሕፃናት እየዞረ ልጆች አያት ምን እንደሚመስል እንዲያዩ ፊታቸው ይቀመጣል። ባለፈው ዓመት የቡድኑን አማካይ ዕድሜ ያበላሻል ተብሎ ከአንድ ለአምስቱ ተባሯል። የመባረሪያውን ደንብ ያረቀቀው ያፌት ነው።

"ግባ፣ ጋሼ ያፌት" አለው ምትኩ ከወንበሩ ሳይነሳ። ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጓል፤ ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም። "ዛሬስ ከየት ልታባርረኝ ነው? የቀረኝ ቤቴ ነው።"

"ምትኩ፣ ለትልቅ ጉዳይ ነው የመጣሁት።"

"አንተ መቼ ለትንሽ ጉዳይ ትመጣለህ? ባለፈው ጊዜ ጨው ነበር ጉዳዩ።"

ያፌት ነገረው። ምትኩ እስኪያስለው ሳቀ።

"እኔን ሽማግሌ ብለህ? ጋሼ፣ እኔ እኮ በዐሥራ አምስት ዓመት ታናሽህ ነኝ።"

"መልክህ ግን..."

"መልኬማ ሥራዬ ነው። ትናንት አንዷ ሕፃን ግንባሬን በጣቷ አሽታ አሽታ፣ 'በሳሙናም አይለቅም?' አለችኝ።" ብርድ ልብሱን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ። "እሄድልሃለሁ። ተናጋሪ ግን አልሆንም። ልጁን በደረጃው ሲያልፍ ነው የማውቀው። ደህና ልጅ ነው ብዬ በምን አፌ ልመስክር? የሚመሰክረው ያሳደገው ነው።"

"እኔን እኮ ጎረምሳ ነህ ብሎ መለሰኝ።"

"እንግዲያው አርጃ።"

ያፌት የተቀለደበት መሰለው። የምትኩ ፊት ላይ ግን ቀልድ አልነበረም።

"እንዲህ በቀላሉ?"

"እኔ ያለማንም እርዳታ ነው የተወጣሁት" አለ ምትኩ።

በቀላሉ አልነበረም። ያፌት ጤና ጣቢያ ሄዶ ጠየቀ። ሲስተሯ በየወሩ የሚወጋውን መርፌ ሦስት ወር ያቋረጠ ከዝርዝሩ እንደሚወጣ ነገረችው። መመለስ ይቻላል ወይ አላት። ይቻላል፣ ወረፋ ይዞ።

"ወረፋው ምን ያህል ነው?"

"በጣም ረጅም ነው። ከፊት ያለው ሰው አይሞትማ።"

ያፌት ጀግና አልነበረም። ከጤና ጣቢያው ሲወጣ በደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ተመልሷል፤ አንዴ መርፌውን ሊወጋ፣ አንዴ ስለ ሙቀትና ስለ ቆላ ሰዎች ግትርነት ሲስተሯን ሊያማክር። በመጨረሻ ያልተወጋው ስላመነበት ይሁን ጣቢያው ስለተዘጋ፣ ለራሱም እስከ ዛሬ አልለየለትም። ቤቱ ገብቶ ለአባተ አንድ ጊዜ ደወለ። ይጠራል። የሚያነሳው የለም። በማግስቱም ሊወጋ አልሄደም።

ቅዳሜ በግምገማው ላይ ግለ ሂስ አወረደ፤ መርፌውን መተዉን፣ ምክንያቱንም። ቡድኑ ደነገጠ። ሄኖክ "ከባድ የዲሲፕሊን ጉድለት" አለው። ኤልያብ ደግሞ ሕመም እንደሆነ ጠረጠረ። ለረጅም ሰዓት ቆመው ተከራከሩ። ያፌት አልመለስ ሲል ግን አንድ ነገር ሁሉንም አስማማቸው፤ ማንኛውም ነገር ያለ ዕቅድ ሲሠራ ማየት አይችሉም።

"እርጅናው ካልቀረ" አለ ሄኖክ፣ "በዕቅድ ይሁን።"

እንዲህ ሆኖ ያፌት በዕቅድ ማርጀት ጀመረ። በቀን ለተወሰነ ሰዓት እንዲቀመጥ ከምትኩ ወንበር ተዋሱለት። ለጨው ኤልያብ ተመደበ። ከሳቅ ሰዓት ሌላ የጭንቀት ሰዓት ተያዘለት፤ ግድግዳ ፊት ቁጭ ብሎ ይጨነቃል፣ መጀመሪያ ላይ ምን እንደሚያስብ አጥቶ እየተቸገረ። በየሳምንቱ አፈጻጸሙ ይገመገማል።

"ረቡዕ ሌሊት እስኪነጋ ለጥ ብለህ ተኝተሃል" አለው ሄኖክ። "ይህ ግልጽ ወደ ኋላ መንሸራተት ነው።"

"ሂሱን እቀበላለሁ" አለ ያፌት። "በተጨማሪ ሐሙስ ዕለት ማንም ሳያየኝ ደረጃውን በሩጫ ወጥቻለሁ።"

"ለምን?"

"ልማድ ሆኖብኝ።"

በዚህ በጣም ሳቁ፣ ሰዓቱ ሳይደርስ። ከዚያ ግን ሁለተኛው መርፌ ታለፈ፤ ሦስተኛው ታለፈ። ዓመታቱ ዕቅድም ወንበርም አልጠበቁም። ደጅ ቆይተው ቆይተው በሩ ሲከፈትላቸው እየተጋፉ እንደሚገቡ እንግዶች ነበሩ። ፀጉሩ በአንድ ወር ነጣ። ፊቱ ወረደ። አምባሩ ሃምሳ አለ፣ ስልሳ አምስት አለ፣ የልደቱን ዕድሜ ሰላም ሳይለው አልፎ ሰባ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ኤልያብ "ከዕቅድ በላይ" ብሎ ሪፖርት አደረገ፤ ሊያጨበጭብ እጁን አንስቶ ነበር፣ መልሶ አወረደው።

በዕቅዱ ያልተያዘ ነገርም ነበር። አንድ ጠዋት ያፌት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት አቃተው። ያን ጊዜ ፈራ። ፍርሃቱ ከጭንቀት ሰዓት ውጭ የመጣ በመሆኑ የት እንደሚመዘገብ አላወቀም። በሳቅ ሰዓት ክቡ ወደ እሱ በኩል ሰፋ ማለት ጀመረ፤ ጓደኞቹ ሳያውቁት ግማሽ እርምጃ፣ ግማሽ እርምጃ እየራቁ። ብዙም ሳይቆይ የቡድኑን አማካይ ያበላሻል ተብሎ ተባረረ። ደንቡን ሲያነቡለት አረቃቀቁ ጥሩ እንደነበር በልቡ መሰከረ፤ ማምለጫ የለውም።

ወደ ሸዋ ሮቢት ምትኩን ይዞ ወረደ። ሦስተኛ እንዲሆን ሄኖክ ኮፍያውን እስከ ጆሮው አጥልቆ ተከተላቸው፤ ምትኩ "አንተ ከኋላ ቁም፣ ባትህን እንዳታሳሳብ" ብሎታል። የደጋው አውቶቡስ ወንበር ስለሌለው ያፌት ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሄደ። ተሳፋሪው በሙሉ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ሶፎንያስ በሩን ሲከፍት ለረጅም ጊዜ አየው።

"ይቅርታ" አለ። "ባለፈው አጎቱ ነኝ የሚል አንድ ጎረምሳ መጥቶ ነበር። እርስዎ የጎረምሳው አባት ነዎት?"

"እኔው ነኝ" አለ ያፌት።

ሶፎንያስ እጁን ጨበጠው፤ ጨብጦም ቶሎ አልለቀቀም፣ አጥንቱን የሚቆጥር ይመስል። ሚስቱ ከውስጥ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ይቀመጡ" አለ ሶፎንያስ።

ወንበሩ እዚያው ነበር፣ ሰፊ፣ መደገፊያ ያለው። ያፌት በሕይወቱ ብዙ ነገር ተመኝቷል፤ ሴት፣ ሹመት፣ የአምባር ዕድሜ። የዚያን ወንበር ያህል የተመኘው ግን የለም።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አለ።

ለንግግሩ ሁለት ሳምንት ተዘጋጅቶ ነበር። መግቢያ ነበረው፣ ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ድምፅ ዝቅ የሚልበት። ግራ ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ንግግሩ ሁሉ አብሮ ከራሱ ላይ ረገፈ።

"ልጁን አውቀዋለሁ" አለ። "በአራት ዓመቱ ሳንባ ምች ይዞት ነበር። ትኩሳቱ የለቀቀው ዕለት ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ የጠየቀኝ እኔ መብላቴን ነው። ዛሬም እንደዚያው ነው። ሌላ የማውቅለት ትልቅ ነገር የለም።" ትንፋሹን ሰበሰበ። ሶፎንያስ ወንበሩን አንድ ክንድ ወደ እሱ አስጠጋ። ያፌት አልተቀመጠም። "ቢጣሉ ጥሩኝ። በዚያው ቀን እመጣለሁ። ቀጠሮ አልሰጥም፤ የምሰጠው ቀጠሮ የለኝም።"

የሶፎንያስ ሚስት እጇን አፏ ላይ ጭና ነበር። ሄኖክ ከኋላ ሆኖ ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ ሲጠየቅ እስከ ዛሬ ሙቀቱ ነው ይላል።

"ይቀመጡ" አለ ሶፎንያስ።

"መልሱን..."

"ሰጥቻለሁ። ልጄን ሰጥቻለሁ። በፈጠረዎት ይቀመጡ፣ እኔ ማየት አልቻልኩም።"

ያፌት ተቀመጠ። አወራረዱ ረጅም ነበር፤ በመሃል ምትኩ ክርኑን ያዘው። ከዚያ ወንበሩ ከታች ተቀበለው። ለሠላሳ ዓመት ይህን ነገር ሲሸሽ መኖሩ ገረመው። ከውስጥ ጥሩወርቅ ስልክ ስትደውል ይሰማል፤ ወዲያው ተነሣላት፤ ለእሱ ያልተነሣው ስልክ።

"ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አትመስልም ያለው ሰው የለም።

ሶፎንያስ እንደቆመ ነው። በልደቱ ስልሳ ስምንት ነው፤ ግንባሩ ላይ አንድ መስመር የለም። "ያማል?" አለ በዝግታ።

"ጉልበቴን?"

"ሁሉንም።"

"ያማል።"

ሶፎንያስ ራሱን ነቀነቀ፤ ስለ አንድ ሩቅ አገር የጠየቀ ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ አንገቱን ሰበር አደረገ።

"አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ወንድ ልጄ አጣዬ ላይ አንዲት ልጅ ወዷል። አባቷ እንደኔው አስቸጋሪ ነው፤ ሽማግሌ ይለናል፣ ከየት እናምጣ? አራት ዓመት ሆነን። እርስዎ ሄደው ቢቆሙልን።"

"መቼ ነው የምትፈልጉት?" አለ ያፌት። ምትኩ፣ ሥራው እንደተነጠቀበት ሰው፣ በቅናት አየው።

"ኧረ ምንም የሚያስቸኩል የለም" አለ ሶፎንያስ እጁን እያወዛወዘ። "ክረምቱ ይውጣ። ወይ የዛሬ ዓመት፣ ብቻ ሲመችዎ፣ ጊዜው እንደሆነ..."

ዓይኑ የያፌት ጉልበት ላይ አረፈ። ጉልበቱ ተቀምጦም መንቀጥቀጡን አልተወም። ሶፎንያስ የጀመረውን አልጨረሰም። ሚስቱን አየ፤ ሚስቱም ጉልበቱን እያየች ነበር።

"ነገ ጠዋትስ?" አለ።